ጀግና፣ ሰማዕት፣ እናት፤ ሠራተኛዋስ?

የፊሊፒንስ ስደተኛ ሠራተኞች በፊልምና በልብወለድ

እ.ኤ.አ. በ1988 የያኔዋ የፊሊፒንስ ፕሬዝዳንት ኮራዞን አኪኖ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለሚሠሩ የሀገራቸው ልጆች ባደረጉት ንግግር አንድ ስም አወጡላቸው፤ «ባጎንግ ባያኒ» አሏቸው። «አዲሶቹ ጀግኖች» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ የወጣላቸው ሴቶች የሰው ቤት የሚወለውሉ፣ የሰው ልጅ የሚያሳድጉ፣ የሰው ልብስ የሚተኩሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን የእኒሁ ፕሬዝዳንት መንግሥት በውጭ ሀገር የሚደርሰው በደል በመብዛቱ የቤት ሠራተኞችን ጉዞ ለጊዜው አግዶ ነበር። ያቺው ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዳትሄድ የምትከለከልም፣ ስለ ሄደች የምትወደስም ሆነች ማለት ነው።

ጀግንነት ማዕረግ ነው፤ ማዕረግ ደግሞ የራሱ ዕዳ አለው። ጀግና ስለ ሀገሩ ይሞታል እንጂ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ አይከራከርም። የሳምንት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መኝታ ክፍል ልጠይቅ ያለ ጀግና ማዕረጉን ያረከሰ ይመስላል። ፊሊፒንስ ዜጎቿን ባሕር ማዶ ልኮ የማሠራትን ነገር በ1974 ባወጣችው የሠራተኛ ሕግ መንግሥታዊ መልክ ከሰጠችው ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። በ2023 ብቻ በባንኮች በኩል ወደ ሀገሪቱ የገባው ሐዋላ ከ33 ቢልዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስገባ፣ ይህን ያህልም ቤት የሚከፍል ሥራ በፊልምና በሥነ ጽሑፍ ሰፊ ቦታ ማግኘቱ አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ስለ እነዚህ ሴቶች ከተሠሩት ዝነኛ ሥራዎች መካከል ስደተኛዋን በሠራተኛነቷ የተመለከቷት ጥቂት መሆናቸው ነው። መንግሥት ጀግና ሲላት ኪነ ጥበቡ አንዴ ሰማዕት፣ አንዴም እናት ይላታል። ስሞቹ ሁሉ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ሁሉም ግን ከሥራዋ ያርቋታል።

ሰማዕቷ

ማርች 17 ቀን 1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች የአራት ልጆች እናት ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጣች። ሌላዋን ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛና ይህችው ሠራተኛ ትጠብቀው የነበረውን ሕፃን በ1991 ገድላለች ተብላ ነበር የተፈረደባት። በሀገሯ ብዙ ሰው ፍርዱን አላመነበትም። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሻከረ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይም የስደተኛ ሠራተኞችን መብት የሚመለከተው 8042ኛው ሕግ ጸደቀ።

በጆኤል ላማንጋን ዳይሬክተርነት የተሠራው «የፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን ታሪክ» ለእይታ የበቃው ይኸው ትኩሳት ሳይበርድ፣ በዚያው በ1995 ነው። መሪ ተዋናይቷ በዐይኖቿ መናገር ትችላለች የምትባለው ኖራ አውኖር ናት። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካይሮ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ ፒራሚድ ሲሸለም፣ አውኖርም የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። ሽልማቱ ይገባታል። አብዛኛውን ታሪክ የምትተርከው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ሎሌ አንገቷን ደፍታ ነው፤ ተመልካቹም ያ የተደፋ አንገት የትሕትና ሳይሆን የሙያ ልማድ መሆኑን ቀስ በቀስ ይረዳል።

ይሁንና ፊልሙ ጉልበቱን ያገኘበት ውሳኔ ድክመቱም የመነጨበት ነው። ፍሎር ንጹሕ መሆኗን ከመነሻው ወስኖ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፤ «አድርጋዋለች ወይስ አላደረገችውም?» የሚለው። ይህ ጥያቄ ሌሎቹን ጥያቄዎች ሁሉ ይውጣቸዋል። አንዲት ሠራተኛ ተይዛ ስትመረመር የሀገሯ ኤምባሲ መቼ ደረሰላት? ምን ዓይነት ጠበቃ ቆመላት? ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ነበረ? እነዚህ ጉዳዮች በፊልሙ ውስጥ የሉም ማለት አይቻልም፤ ግን የንጽሕናዋ ማስረጃ ሆነው እንጂ የመብቷ ጥያቄ ሆነው አልቀረቡም። ጥፋተኛ ብትሆንስ ኖሮ? ያን ጊዜ ጠበቃ አይገባትም ነበር? ሰማዕት ለመሆን ንጹሕ መሆን ግድ ነው። ሠራተኛ ለመሆን ግን ንጹሕነት አይጠየቅም፤ ሕግ የሚያስፈልገው ለበደለኛዋም ጭምር ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። የሞተችው ሌላዋ ሴትም ፊሊፒናዊት፣ እሷም የቤት ሠራተኛ ነበረች። የፊልሙ ርእስ የእሷን ስም አልያዘም፤ የሕዝቡ ትዝታም እንዲሁ። የሰማዕትነት መንበር የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶች ታሪክ፣ የአንዲቷ መከራ ታሪክ ሆኖ ቀረ።

እናቲቱ

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ የወጣው የሮሪ ኩዊንቶስ ፊልም «አናክ» ከአደባባይ ወደ ጓዳ ይገባል። «አናክ» በታጋሎግ ቋንቋ ልክ እንደ አማርኛው «ልጅ» ወንድ ሴት ሳይለይ የሚነገር ቃል ነው። ለብዙ ዓመታት የአውኖር ተፎካካሪ ተደርጋ የምትታየው ቪልማ ሳንቶስ ጆሲን ሆና ትሠራለች። ጆሲ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለዓመታት የቤት ሠራተኛ ሆና ቆይታ፣ ከእንግዲህ ላልሄድ ብላ ወደ ማኒላ ትመለሳለች። ባሏ እሷ በሌለችበት ሞቷል፤ ለቀብሩ አልደረሰችም። ትንሿ ልጇ እንደ እንግዳ ታያታለች። ወንዱ ልጇ ሊያስደስታት ይጥራል፤ ግን ይደክመዋል። ትልቋ ልጇ ካርላ ግን በግልጽ ጠላቷ ናት፤ ታጨሳለች፣ ትጠጣለች፣ ቤት አታድርም፣ እናቷንም እንደ እናት አትጠራትም።

ፊልሙ ፊሊፒናውያን ሁሉ በሚያውቁት ዕቃ ይጀምራል፤ ስደተኛው ወደ ሀገሩ ሲገባ በሚያመጣው ወይም በመርከብ በሚልከው ትልቅ ካርቶን። ቸኮሌት፣ ሳሙና፣ ጫማ፣ የታሸገ ምግብ፣ ለአክስት ሽቶ፣ ለጎረቤት ካናቴራ ይታጨቅበታል። በኩዊንቶስ ካሜራ ፊት ካርቶኑ ሲከፈት ደስታም ኀፍረትም አብረው ይወጣሉ። ጆሲ እያንዳንዱን ዕቃ የገዛችው የልጆቿን ቁመትና የእግር ቁጥር በሐሳቧ እየገመተች ነው፤ ልጆቹ ደግሞ በነዚያ ዓመታት አድገዋል። እናት የምታውቀው ልጅና በፊቷ የቆመው ልጅ አንድ አይደሉም። ፊልሙ ይህን በንግግር ሳያብራራ ማሳየቱ ትልቅ ብስለት ነው።

የሥራው ማዕከል ግን ሁሉም ተመልካች የሚያስታውሰው የእናትና የልጅ ግጭት ነው። ጆሲ ስድቡንና ንቀቱን ለረጅም ጊዜ ችላ ከቆየች በኋላ ትፈነዳለች። ካርላ ሲጋራ ባነደደች፣ መጠጥ ባነሣች፣ የተላከውን ገንዘብ በበተነች ቁጥር፣ እናቷ ያንን ገንዘብ ለመላክ ስንት ጊዜ ሳትበላ እንደዋለች ልታስብ ይገባት እንደነበር ትነግራታለች። ባሏ በሞተ ጊዜም ያልመጣችው ጨክና ሳይሆን ከአሠሪዎቿ ቤት መውጣት ተከልክላ መሆኑ ይታወቃል። ሳንቶስ ይህን ስትናገር የምታለቅሰው እንደ ተዋናይት አይደለም፤ አፍንጫዋን የምትጠርግበት ጊዜ እንኳ እንደሌላት ሴት ነው። በፊሊፒንስ ሲኒማ ቤቶች ይህን ትዕይንት አይቶ ዐይኑ ያልረጠበ ተመልካች ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

እንባው ከደረቀ በኋላ ግን ትዕይንቱን ደግሞ መመልከት ያስፈልጋል። ጆሲ እዚህ ላይ የምታደርገው ነገር ሒሳብ ማቅረብ ነው። የሠራችበትን ሰዓት፣ ያልበላችውን ምግብ፣ የተነፈገችውን ፈቃድ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። በጠቅላላው ፊልም ውስጥ ሥራዋ እንደ ሥራ የተቆጠረበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የቀረበበት አድራሻ ግን ስሕተት ነው። በሩን የቆለፈባት አሠሪ፣ ውሉን ያዋዋለው ኤጀንሲ፣ ወርኀዊ ሐዋላውን የሚቆጥረው መንግሥት በሌሉበት፣ ዕዳውን እንድትከፍል የተጠየቀችው አንዲት ታዳጊ ልጅ ናት። ሆንግ ኮንግ በፊልሙ ውስጥ በትዝታ ብልጭታ ብቻ ታይቶ ያልፋል። አሠሪዎቹ የጆሲ ልጆች ያህል ፊት የላቸውም፤ ስለዚህም ተመልካቹ የሚቆጣበት ሰው ሲፈልግ የሚያገኘው ካርላን ነው።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን፣ ኩዊንቶስ ካርላን ክፉ አድርጋ አልሣለቻትም። ክላውዲን ባሬቶ የምትጫወታት ልጅ ክርክር አላት፤ ውሉን የፈረመችው እሷ አይደለችም፤ ማንም አላማከራትም፤ የእናቷን ቦታ ግን እንድትሞላ ታዛለች። እዚህ ላይ ፊልሙ ከብዙ ተመልካቾቹ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። ፊሊፒናዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ራሴል ፓሬንያስ ስለ ስደተኛ ቤተሰቦች በ2001 እና በ2005 ባሳተመቻቸው መጻሕፍት የተነተነችው ሁኔታ ከዚህ ጋር ይገናኛል። አባት ባሕር ማዶ ሲሄድ «ለቤተሰቡ ደከመ» ይባላል፤ እናት ስትሄድ ግን «ልጆቿን ትታ ሄደች» ይባልባታል፤ በቀረው ዘመድ ላይ የሚወርደው የጓዳ ሥራም ከሴት ወደ ሴት እንጂ ወደ ወንድ አይተላለፍም። ዓመቱን በመርከብ ላይ የሚያሳልፈው ፊሊፒናዊ መርከበኛ በልጆቹ ፊት ቆሞ ሒሳብ እንዲያወራርድ የሚጠየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። «አናክ» ይህን አድልዎ አይፈጥረውም፤ ግን ሳይመረምረው ይጠቀምበታል።

የፊልሙ ፍጻሜ ደግሞ ልዩ ትኩረት ይሻል። እናትና ልጅ ይታረቃሉ። ተመልካቹ እፎይ ባለበት ቅጽበት ጆሲ እንደገና ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፤ ያጠራቀመችው አልቋል፤ በሀገሯ የምታገኘው ሥራ ልጆቿን አያስተምርም። ወደ ሆንግ ኮንግ ትመለሳለች። ይህ እውነተኛ ፍጻሜ ነው፤ የፍቅር መታደስ የቤት ኪራይ እንደማይከፍል ፊልሙ ያውቃል። ነገር ግን እርቁ ያስገኘው ነገር ምንድን ነው? በመጀመሪያው ጉዞዋ እያለቀሰች ሄዳ ነበር፤ አሁን ይቅር ተብላ ትሄዳለች። የተለወጠው የልጅቷ ልብ ብቻ ነው፤ ውሉ፣ ደመወዙ፣ የሚቆለፈው በር እንደነበሩ ናቸው። ፊልሙ ለሁለት ሰዓት ያህል የቤተሰብ ቁስል ሲያክም ቆይቶ፣ ቁስሉን ወደ ፈጠረው ቦታ ጆሲን መልሶ ይልካታል፤ ያንን መላክም እንደ ክረምት ዝናብ፣ ማንም እንዳላዘዘው ነገር አድርጎ ያልፈዋል።

ከአሠሪው ሳሎን

ታሪኩን ከሌላው ወገን የተመለከተው የሲንጋፖሩ ዳይሬክተር አንቶኒ ቼን ነው። በ2013 በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን የወርቅ ካሜራ ሽልማት ያገኘው «ኢሎ ኢሎ»፣ የ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በመታው አንድ መካከለኛ ቤተሰብ ውስጥ የምትሠራ ቴሬሳ የተባለች ሴት ታሪክ ነው። የፊልሙ ስም በልጅነቱ ዳይሬክተሩን ያሳደገችው ሠራተኛ የመጣችበት የፊሊፒንስ ክፍለ ሀገር ነው። የቻይንኛው ርእስ ግን «አባባና እማማ ቤት የሉም» ይላል። ይህ ርእስ ከፊልሙ ይበልጥ ያውቃል ማለት ይቻላል። በሲንጋፖሩ ቤት ወላጆች ለሥራ ስለሚወጡ ልጁ ከቴሬሳ ጋር ይውላል፤ በፊሊፒንስ ደግሞ የቴሬሳ ሕፃን ልጅ እናቱ ቤት የለችም።

ቼን ደመወዝንና ገንዘብን በድፍረት ያሳያል። አባት ሥራውን ሲያጣ፣ የቤቱ ወጪ ሲቀነስ፣ የቴሬሳ መኖር በወር ሒሳብ ውስጥ አንድ መስመር መሆኑ ይገለጣል፤ በመጨረሻም መስመሩ ይሰረዛል። ማንም ክፉ አይደለም፤ ግን ማንም ሊያስቀራት አልቻለም። ያሳደገችው ልጅ ለእሷ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ፍቅሩም የሥራ ውል ሊሆን አልቻለም። ከፊሊፒንስ ውጭ የተሠራ ፊልም የሥራውን ግንኙነት ከ«አናክ» ይልቅ አጥርቶ ማሳየቱ የሚገርም ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ደመወዝ የሚከፍለው ወገን ሒሳቡን ያውቀዋል። የቴሬሳ የራሷ ሕይወት ግን በስልክ ጥሪ መጠን ብቻ ይታያል፤ ከሳሎኑ በር ወዲያ ካሜራው እምብዛም አይከተላትም።

ልምምድ

ሠራተኛዋን በሠራተኛነቷ ፊት ለፊት የተመለከታት ሥራ በ2019 በሎካርኖ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የሱንግ-ኣ ዮን ዘጋቢ ፊልም «ባሕር ማዶ» ነው። ዳይሬክተሯ ሆንግ ኮንግም ሆነ ዱባይ አልሄደችም። የሄደችው ሴቶቹ ከመጓዛቸው በፊት ወደሚሠለጥኑበት፣ እዚያው ፊሊፒንስ ውስጥ ወዳለ ማእከል ነው። ማእከሉ እንደ አንድ የሀብታም ቤት ተዘጋጅቷል፤ ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ የሕፃን አልጋ፣ መጸዳጃ ቤት አለው። ሠልጣኞቹ አንሶላ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ሹካና ቢላዋ በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ፣ አሠሪን «ማዳም» እና «ሰር» እያሉ እንዴት እንደሚመልሱ ይማራሉ። ፊልሙ የሚከፈተው አንዲት ሴት መጸዳጃ ቤት ስታጸዳ በሚያሳይ ረጅም፣ የማይንቀሳቀስ ምስል ነው። ሴትዮዋ እያጸዳች ማልቀስ ትጀምራለች፤ እጇ ግን ሥራውን አያቆምም። ካሜራው አይጠጋትም፤ ሙዚቃም አይመጣም።

በማእከሉ ውስጥ የሚሰጠው ከባዱ ትምህርት ትወና ነው። ከሠልጣኞቹ አንዷ አሠሪ ትሆናለች፤ ሌላዋ ሠራተኛ። አሠሪዋ ትጮሃለች፣ ትሰድባለች፣ ምግብ ትነፍጋለች፤ አሠሪው ባል ሆና የምትጫወተውም ሠራተኛዋን ትተናኮላለች። አብዛኞቹ አሠልጣኞች ራሳቸው በስደት ሠርተው የተመለሱ ናቸው። በአሠሪ ፊት ፈጽሞ ማልቀስ እንደማይገባ ያስተምራሉ። ተመልካቹ አንዳንዴ ከሴቶቹ ጋር ይስቃል፤ ምክንያቱም ጎረቤቷ የሆነችው ሴት ክፉ እመቤት ስትሆን መመልከት ያስቃል። ቆይቶ ግን ሳቁ ያንቃል፤ ያቺ ክፉ እመቤት ከምናብ የተወለደች አይደለችምና። አንዷ ያሳለፈችውን ሌላዋ ትለማመደዋለች።

እዚህ ላይ ፊልሙ ከ1995ቱም ከ2000ውም ሥራ የራቀበት ነጥብ ይታያል። ላማንጋን በደሉን የአንዲት ሴት ልዩ ዕጣ አድርጎት ነበር። ኩዊንቶስ ደግሞ የቤተሰብ ምሥጢር። በዮን ፊልም በደል የሥርዓተ ትምህርት አካል ነው፤ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ሰዓት ተመድቦለታል፣ ልምምድ ይደረግበታል። መንግሥት በደሉን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥልጠና ባልኖረ ነበር። ስለዚህ «ማን ያውቅ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይወድቃል። የሚቀረው ጥያቄ፣ የታወቀን በደል መከላከል ለምን የተበዳይዋ ሙያ ተደረገ የሚለው ነው። ፊልሙ መልሱን አይሰብክም፤ ሴቶቹን በሥራቸው ላይ ትቶ ያሳያል።

ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የቤቢ ሩዝ ቪያራማ ዘጋቢ ፊልም «የእሑድ የቁንጅና ንግሥት» በ2016 በሜትሮ ማኒላ ፌስቲቫል የምርጥ ፊልም ሽልማት አግኝቶ ነበር። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች በብቸኛዋ የዕረፍት ቀናቸው የቁንጅና ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ከዓርብና ከቅዳሜ ሌሊት እንቅልፋቸው ሰርቀው ይለማመዳሉ፤ እሑድ አክሊል ደፍተው ሰኞ ጓዳ ይገባሉ። የፊልሙ ብርታት ደስታን እንደ ማስረጃ መቁጠሩ ነው። ከበስተጀርባው ያሉትን ሕጎችም ሳያካብድ ያሳያል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ውሏ የተቋረጠ የቤት ሠራተኛ በ1987 በወጣው ደንብ መሠረት በሁለት ሳምንት ውስጥ ከከተማዋ መውጣት አለባት፤ ከ2003 ወዲህ ደግሞ በአሠሪዋ ቤት ማደር ግዴታዋ ነው። እነዚህን ሁለት ደንቦች ያወቀ ተመልካች፣ እሑድ ማታ ሰዓት እንዳያልፍባት የምትሮጥ የቁንጅና ንግሥት ሲያይ፣ የሚያየው ተረት አይደለም።

ስም

ከልብወለዶቹ መካከል የሆሴ ዳሊሳይ «የሶሌዳድ እህት» ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ2007 ለማን የእስያ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለመጨረሻው ዙር ከታጩት አንዱ የነበረው ይህ ሥራ የሚጀምረው ከጅዳ ወደ ማኒላ በደረሰ የሬሳ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም አውሮራ ካባሁግ ነው። አውሮራ ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ በምሽት ክበብ የምትዘፍን፣ በሕይወት ያለች ሴት ናት። የሞተችው በእህቷ ስም ተጉዛ የነበረችው ሶሌዳድ ናት። አንድ የፖሊስ ባልደረባ ሕያዋን እህት ይዞ ሙታኒቱን ለመረከብ ይጓዛል።

ዳሊሳይ ሶሌዳድ እንዴት እንደሞተች ለማጣራት አይቸኩልም። አንባቢው የወንጀል ታሪክ ሲጠብቅ የሚያገኘው የወረቀት ታሪክ ነው፤ የተዋሰ ፓስፖርት፣ የተሳሳተ መዝገብ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ አስከሬን። ሣጥኑን የጫነው መኪና በመንገድ ላይ ሲሰረቅ ደግሞ ነገሩ ወደ መራራ ቀልድ ይለወጣል። ቀልዱ ግን ዓላማ አለው። ሕያው ሠራተኛ በሐዋላ ደረሰኝ ላይ በትክክል ተመዝግባ፣ በሞተች ጊዜ ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። ደራሲው ለገፀ ባሕርይዋ የጀግና ቀብር አልሰጣትም፤ የሰጣት ትክክለኛ ስሟን ነው፤ ለእሱም ሙሉ መጽሐፍ ወሰደበት።

ያልተነገረው ታሪክ

እነዚህን ሥራዎች አንድ ላይ ላየ ሰው አንድ ክፍተት ጎልቶ ይታየዋል። በ1982 የፌርዲናንድ ማርኮስ መንግሥት 857ኛውን አዋጅ አወጣ። በአዋጁ መሠረት የቤት ሠራተኞች ከደመወዛቸው ከግማሽ ያላነሰውን በባንክ በኩል ወደ ሀገር የመላክ ግዴታ ተጣለባቸው፤ ላለመላካቸው ቅጣቱ የፓስፖርት እድሳት መከልከል ነበር። ሆንግ ኮንግ የነበሩት ሴቶች ተሰባሰቡ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ተቃወሙ። በ1985 የቅጣቱ ድንጋጌ ተሻረ፤ ከዚያ ትግልም እስከ ዛሬ የሚታወቅ የሠራተኞች ኅብረት ተወለደ። ማርኮስን የመሰለ መንግሥት አዋጁን ያስሻሩት የሰው ጓዳ የሚጠርጉ ሴቶች ናቸው።

ይህ ታሪክ ግጭት አለው፣ ገፀ ባሕርያት አሉት፣ ፍጻሜም አለው። ሆኖም እንደ ጆሲ እንባ ወይም እንደ ፍሎር ስቅላት ታላቅ ፊልም ሆኖ በሕዝብ ልብ አልተቀመጠም። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ተሰብስበው የሚከራከሩ ሴቶች አያስለቅሱም፤ ለመንግሥትም «ጀግና» ብሎ ለማመስገን አይመቹም። የሚያለቅስ ተመልካች ቤቱ ሲገባ እናቱን ያቅፋል፤ የተቆጣ ተመልካች ግን ውሉን ያነባል።

ወደ እኛው ደጅ

ይህ ጉዳይ የፊሊፒንስ ብቻ አይደለም። በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በዱባይና በኩዌት ፎቆች ውስጥ ፊሊፒናዊቷና ኢትዮጵያዊቷ በአንድ ደረጃ የሚወጡ፣ በአንድ ሰገነት ላይ ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ሊባኖሳዊው ማሄር አቢ ሳምራ በ2016 ባቀረበው «መኽዱሚን» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የቤይሩት ኤጀንሲ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሠራተኛ እንዴት እንደምትመረጥ ያሳያል፤ ዜግነት እንደ ዕቃ ዓይነት፣ እንደ ዋጋ እርከንም ሆኖ ይነገራል። በዚህ እርከን ላይ ፊሊፒናዊቷ ከኢትዮጵያዊቷ ከፍ ብላ የተቀመጠችው በቆዳዋና በቋንቋዋ ብቻ አይደለም። ሀገሯ በ2006 መጨረሻ የቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ ወርኀዊ ደመወዝ 400 ዶላር እንዲሆን ደንግጋለች። ድንጋጌው በሁሉም ቦታ ተከብሯል ማለት አይደለም፤ ግን የሚከራከሩበት ቁጥር አስገኝቷል።

በኢትዮጵያም በኩል የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2012 ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ አንዲት ሠራተኛ ስትደበደብ የሚያሳየው ምስል ብዙዎችን አስቆጣ፤ ሴትዮዋም ብዙም ሳትቆይ በሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ። በ2013 መንግሥት ጉዞውን አገደ፤ በ2016 የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት 923ኛ አዋጅ ወጣ፤ እገዳው የተነሣው ግን በ2018 ነው። የ1988ቱ የማኒላ ታሪክ በአዲስ አበባ ተደገመ፤ በሩ ሲዘጋ ደላላው መስኮቱን ከፈተ። በአማርኛው ዘፈንና ድራማም ዐረብ አገር የሄደች እህት ወይ በእንባ ወይ በሻንጣ ትመጣለች፤ በመካከል ያለው የሥራ ቀን፣ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ሰዓት፣ እምብዛም አይታይም።

ከፊሊፒንስ ሥራዎች የሚወሰደው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ለአንዲት ሴት ማልቀስ ቀላል ነው፤ የኖራ አውኖርና የቪልማ ሳንቶስ ችሎታ ይህን አቅልሎታል። እነዚያ ፊልሞች የሚናቁ አይደሉም፤ በአንድ ሀገር ሕዝብ ልብ ውስጥ ዝም ተብሎ የነበረን ሐዘን ቃል ሰጥተውታል፤ ከፊሎቹም ሕግ በወጣበት ወቅት የሕዝቡን ቁጣ ተሸክመዋል። የዮን ካሜራ ግን ከእንባው ወደ እጁ ዝቅ ብሎ፣ እያለቀሰ የሚያጸዳውን እጅ አሳየ። ያ እጅ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት እንደተከፈለው፣ በሩ ቢቆለፍበት ለማን እንደሚያንኳኳ የሚጠይቅ ሥራ፣ በታጋሎግም ሆነ በአማርኛ፣ ገና ብዙ የሚጻፍለት ነው። ስደተኛዋን ጀግና ለማለት የሚቸኩል ሰው፣ በቅድሚያ ውሏን ቢያነብላት ይበልጥ ያከብራታል።